በክረምት መኪና ውስጥ የሚገባ ውሃ፦ ከመድፈን በፊት ምንጩን መለየት

ክረምት ሲገባ የመኪና ባለቤቶችንና አሽከርካሪዎችን ከሚያሳስቡ ጉዳዮች አንዱ የተሽከርካሪው የውስጥ ክፍል ውሃ መያዙ ነው። ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድበት ያደረን መኪና ጠዋት የሚከፍት ሰው ምንጣፉ ርሶ፣ መስታወቱ ከውስጥ በኩል ጉም ለብሶ፣ ጋቢናውም የሻገተ ጨርቅ ሽታ ይዞ ሊያገኘው ይችላል። በዚህ ጊዜ ብዙዎች የሚወስዱት እርምጃ ተመሳሳይ ነው። ውሃው የታየበትን ቦታ ያደርቃሉ፣ በአቅራቢያው ያገኙትን ክፍተት በሲሊኮን ይደፍናሉ፣ ከዚያም ችግሩ ተፈታ ብለው ይተዉታል። ቀጣዩ ዶፍ ሲወርድ ግን ውሃው ተመልሶ ይመጣል።

ችግሩ የሚመላለሰው በሁለት ምክንያቶች ነው። አንደኛው፣ ውሃ የገባበት ቦታና ውሃ የታየበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አለመሆናቸው ነው። ከጣራ የገባ ጠብታ በላሜራው ውስጥ ለውስጥ ተጉዞ ወለል ላይ ሊታይ ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ በብዙ አጋጣሚዎች የችግሩ መነሻ አዲስ የተፈጠረ ቀዳዳ ሳይሆን የተዘጋ መውጫ መሆኑ ነው። መውጫ የተዘጋበትን ውሃ በመድፈን ማስቆም አይቻልም። እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ የሚደፈነው ቀዳዳ ውሃውን ለማስወጣት ሲባል በፋብሪካ የተበሳው ራሱ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መድፈን ሳይሆን የውሃውን መንገድ መከተል ነው።

ከእርጥብ ምንጣፍ ያለፈ ጉዳት

ውሃ የያዘ ጋቢና በመጀመሪያ የሚያስከትለው ምቾት ማጣትን ቢመስልም ጉዳቱ ከዚያ የሰፋ ነው። ከምንጣፉ ሥር የተነጠፈው ስፖንጅ ውሃ ይመጥጣል፤ ላዩ ደርቆ ሲታይ እንኳ ታችኛው ክፍል ለሳምንታት እርጥበት ይዞ ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጊዜ የወለሉ ላሜራ ከሥር ወደ ላይ ሳይሆን ከውስጥ ወደ ውጭ እየዛገ ይሄዳል። ባለቤቱ ዝገቱን የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ ላሜራው ተበልቶ ሊበሳ ሲቃረብ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት የኤሌክትሪክ ነው። በዘመናዊ መኪኖች ብዙ የሽቦ መጋጠሚያዎች ከምንጣፍ ሥር፣ ከመቀመጫ ሥርና ከዳሽቦርዱ ግርጌ ያልፋሉ። በአንዳንድ ሞዴሎችም የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ሳጥኖች በዚያው ይቀመጣሉ። ውሃ ሲደርስባቸው መጋጠሚያዎቹ አረንጓዴ ዝገት ያወጣሉ፤ መስታወት አልወርድ፣ በር አልቆለፍ፣ የማስጠንቀቂያ መብራት አልጠፋ ማለት ይጀምራል። መካኒኩ ብልሽቱን በሞተሩ አካባቢ ሲፈልግ መነሻው ከአሽከርካሪው እግር ሥር ያለ ኩሬ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛውና ከሁሉም የሚያሳስበው የደኅንነት ጉዳይ ነው። በጋቢናው ውስጥ የታመቀ እርጥበት መስታወቱን ከውስጥ ያጉመዋል። በአባይ በረሃ ቁልቁለት፣ በጣርማ በር ወይም በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ የሚጓዝ አሽከርካሪ በክረምት ከውጭው ጭጋግ ጋር ይታገላል። በዚህ ላይ ከውስጥ የሚነሳ ጉም ሲጨመርበት የሚያየው ርቀት ይበልጥ ያጥራል። የረጠበ ምንጣፍም ቦታውን ለቆ ከፍሬን ፔዳል ሥር ሊገባ፣ የረጠበ ጫማም ከፔዳሉ ላይ ሊያንሸራትት ይችላል። እርጥብ ሆኖ የቆየ ጨርቅና ስፖንጅ የሚያበቅለው ሻጋታ ደግሞ በተለይ አስምና አለርጂ ላለባቸው ሰዎች ጠንቅ ነው።

በገጠር መንገዶች ላይ ለሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ጉዳዩ ተጨማሪ ክብደት አለው። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ የእንስሳት መድኃኒትና የግብርና መረጃ ሰነድ በጋቢና ውስጥ ይጓጓዛሉ። እርጥበት ያገኘው ዘር የመብቀል አቅሙን ያጣል። ዩሪያና ሌሎች የአፈር ማዳበሪያዎች ከአየር ላይ ሳይቀር እርጥበት የመሳብ ባሕርይ አላቸው። ከከረጢት የፈሰሰ ማዳበሪያ ከምንጣፍ ሥር ካለ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ዝገትን የሚያፋጥን ጨዋማ ፈሳሽ ይሆናል። ስለዚህ ማዳበሪያ ጭኖ የተመለሰ መኪና ወለሉ ሊጠረግና ሊደርቅ ይገባዋል።

መኪናም እንደ ማሳ ፈሰስ አለው

በዋልካ አፈር ላይ የሚያርስ ገበሬ ዝናብ በማሳው ላይ እንዳይወርድ ማድረግ አይችልም። የሚችለው ፈሰስ አውጥቶ ትርፉ ውሃ ሰብሉን ሳያፍን እንዲወጣ መንገድ ማበጀት ነው። የመኪና ፈጣሪዎችም የተከተሉት ይህንኑ አካሄድ ነው። ብዙ ሰው እንደሚያስበው የመኪና አካል እንደ ጄሪካን ከሁሉም አቅጣጫ የታሸገ አይደለም። ውሃ ወደ በሩ ሆድ፣ ወደ ፊት መስታወቱ ግርጌና ጣራ ላይ ወዳለው ተከፋች መስታወት ጠርዝ እንደሚገባ አስቀድሞ ይታወቃል። የገባው ውሃ በቦይና በቱቦ ተመርቶ ወደ መሬት እንዲፈስ ይደረጋል።

ይህን መረዳት የጥገናውን አቅጣጫ ይለውጣል። በር ውስጥ ውሃ መግባቱ ብልሽት አይደለም፤ ብልሽቱ ሳይወጣ መቅረቱ ነው። ስለዚህ አንድ መኪና ውሃ አስገባ ሲባል በቅድሚያ የሚነሳው ጥያቄ «የት ተቀደደ?» ሳይሆን «የትኛው መውጫ ተዘጋ?» የሚለው ሊሆን ይገባል። የክረምቱ ጭቃ፣ የበጋው አቧራ፣ የባሕር ዛፍና የግራር ቅጠል፣ ከጭነት የረገፈ ገለባና እህል እነዚህን ጠባብ መውጫዎች በቀላሉ ይደፍኗቸዋል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ውሃው የምን ውሃ ነው?

በጋቢና ውስጥ የሚገኝ ፈሳሽ ሁሉ የዝናብ ውሃ አይደለም። ምንም ነገር ከመፈታቱ በፊት የፈሳሹን ዓይነት መለየት ብዙ ድካም ይቀንሳል። ነጭ ጨርቅ ወይም ሶፍት ወለሉ ላይ ተጭኖ ሲነሳ ቀለሙና ሽታው ይታያል።

ፈሳሹ ጥርት ያለ፣ ሽታ የሌለውና ከዝናብ ወይም ከመኪና እጥበት በኋላ ብቻ የሚታይ ከሆነ ከውጭ የገባ ውሃ ነው። ጥርት ያለ ሆኖ ዝናብ በሌለበት፣ የአየር ማቀዝቀዣው በሠራበት ቀን የሚታይ ከሆነ ደግሞ ምንጩ ማቀዝቀዣው ነው። ማቀዝቀዣ ከአየሩ ውስጥ እርጥበት አውጥቶ ወደ ውሃነት ስለሚለውጥ ይህን ውሃ ከመኪናው ሥር የሚያፈስ ትንሽ ቱቦ አለው። በሞቃት ቀን ኤሲ ከፍቶ የቆመ መኪና ሥር ጠብታ የሚታየውም ለዚህ ነው። ያ ጠብታ ጠፍቶ የፊት ተሳፋሪው እግር ሥር ከረጠበ ቱቦው ተዘግቷል ማለት ነው።

ፈሳሹ አረንጓዴ፣ ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም ካለው፣ በጣት ሲነካ የሚያሟልጭና ጣፋጭ የሚመስል ሽታ ያለው ከሆነ የራዲያተር ፈሳሽ ነው። ይህ የሚሆነው ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው የጋቢና ማሞቂያ ትንሽ ራዲያተር ወይም የእርሱ ጎማ ሲያፈስ ነው። ማሞቂያው ሲከፈት መስታወቱ ላይ ቅባት መሰል ጉም መውጣቱና የራዲያተር ውሃ ያለ ምክንያት መቀነሱ ተጨማሪ ምልክቶች ናቸው። ይህ ዓይነቱ ፍሳሽ ቀጠሮ አይሰጠውም። ሞተሩ ውሃ ጨርሶ ሊግል ይችላል። በአብዛኛው በራዲያተር ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው ኤትሊን ግላይኮል የተባለው ንጥረ ነገርም ለሰውና ለእንስሳት መርዝ ነው። ፈሳሹ ሕፃናት፣ ውሾችና ከብቶች በሚደርሱበት ቦታ መደፋት የለበትም። መጠኑን ለማየት የራዲያተር ክዳን የሚከፈተውም ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ነው።

ውሃው ጭቃማ ሆኖ ወንዝ ወይም ኩሬ ከተሻገሩ በኋላ የሚታይ ከሆነ ምንጩ ከታች ነው። በወለሉ ላይ በፋብሪካ የተበሱና በጎሚኒ የተደፈኑ ቀዳዳዎች አሉ። ጎሚኒው ሲወልቅ ወይም ላሜራው ሲበላ ውሃ ከሥር ይገባል።

ዝናብ የሚገባባቸው ዋና ዋና ቦታዎች

*የፊት መስታወት ግርጌ።* የዝናብ መጥረጊያዎቹ በተተከሉበት፣ በኮፈኑና በመስታወቱ መካከል ባለው ሽፋን ሥር ቦይ አለ። የጋቢናው አየር ማስገቢያም የሚገኘው እዚሁ ነው። ቦዩ በሁለቱ ጫፎች በፓራፋንጎው በኩል ወደ ታች ይፈሳል። ዛፍ ሥር የሚቆም መኪና እዚህ ቦታ ላይ ቅጠል ያጠራቅማል፤ ቅጠሉም በስብሶ እንደ አፈር ይሆናል። መውጫው ሲዘጋ ቦዩ ይሞላል፣ ውሃውም በአየር ማስገቢያው አልፎ ወደ እግር ሥር ይወርዳል። ይህ በሁለቱም የፊት መቀመጫዎች ሥር ለሚታይ ውሃ ከተለመዱት ምክንያቶች አንዱ ነው።

*በሮች።* በመስታወቱና በውጭኛው ጎሚኒ መካከል የሚገባ ዝናብ በበሩ ሆድ ወርዶ ከበሩ ታችኛው ጠርዝ ባሉ ቀዳዳዎች ይወጣል። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ የውሃ መናጥ ድምፅ ከተሰማ ቀዳዳዎቹ በጭቃ ተደፍነዋል። ሌላው በቀላሉ የሚረሳ ነገር በበሩ የውስጥ ሽፋን ሥር የተለጠፈው ፕላስቲክ ነው። ይህ ፕላስቲክ ውሃው ወደ ጋቢናው ሳይሻገር ወደ ታች እንዲወርድ ያደርጋል። ስፒከር ለመቀየር ወይም የመስታወት ማንሻ ለመጠገን በሩ ሲፈታ ፕላስቲኩ ተቀድዶ ወይም ሳይለጠፍ ከቀረ ውሃ በሽፋኑ ሥር ወደ ምንጣፉ ይገባል። ከበር ጥገና በኋላ የጀመረ ፍሳሽ ካለ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

*ጣራና ፖርቶመጋላ።* በገጠር መስመር የሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ጣራቸው ላይ ከባድ ጭነት ይሸከማሉ። ፖርቶመጋላው የታሰረው ጣራውን በበሱ ብሎኖች ከሆነ የመንገዱ መንገጫገጭ ብሎኖቹን ያላላል፣ በሥራቸው ያለውን ጎሚኒም ያደቅቃል። በጣራው ጠርዝ የላሜራ መጋጠሚያዎችን የሚሸፍነው ማጣበቂያም በዕድሜና በፀሐይ ይሰነጠቃል። ምልክቱ በኮርኒሱ ጨርቅ ላይ የሚታይ ቢጫ ወይም ቡናማ ክብ ነው።

*ጣራ ላይ ያለ ተከፋች መስታወት።* ይህ ያላቸው መኪኖች በመስታወቱ ዙሪያ ቦይ፣ በቦዩ ማዕዘኖችም በበር ምሰሶዎቹ ውስጥ የሚወርዱ ቀጫጭን ቱቦዎች አሏቸው። ቱቦው ሲዘጋ ውሃው ከኮርኒሱ ጥግ ይንጠባጠባል ወይም በምሰሶው ሽፋን ሥር ወርዶ ወለሉን ያርሳል።

*የፊት መስታወት ማጣበቂያ።* መስታወቱ ተቀይሮ ከነበረና በሚገባ ካልተለጠፈ በጠርዙ ውሃ ይገባል። የቆዩ መኪኖች መስታወታቸው የተያዘው በወፍራም ጎሚኒ ስለሆነ ጎሚኒው ሲደርቅ ክፍተት ይፈጠራል።

*የኋላ ክፍል።* የኋላ መብራቶች ጎሚኒ፣ የኋላ በር ጎሚኒና ወደ በሩ የሚሄዱት ሽቦዎች የሚያልፉበት ጎማ ሲያረጁ ውሃ ያስገባሉ። ውሃው የሚጠራቀመው ትርፍ ጎማው በተቀመጠበት ጉድጓድ ስለሆነ ክዳኑን አንስቶ ማየት ያስፈልጋል።

ምንጩን የማግኘት ዘዴ

ፍለጋው የሚጀመረው በማድረቅ ነው። እርጥብ ምንጣፍ ላይ አዲስ ጠብታ መለየት አይቻልም። የእግር ምንጣፉ ይወጣል፣ ዋናው ምንጣፍ ጠርዙ ተነስቶ ከሥሩ ያለው ውሃ በጨርቅ ይመጠጣል፣ ከዚያም ደረቅ ጋዜጣ በወለሉ ላይ ይነጠፋል። ጋዜጣ ውሃ የነካውን ቦታ በግልጽ ያሳያል።

ቀጥሎ መውጫዎቹ በሙሉ ይፈተሻሉ። የበሮቹ ታችኛ ቀዳዳዎች፣ የፊት መስታወቱ ግርጌ ቦይና የኤሲው ቱቦ አንድ በአንድ ይታያሉ። ጥቂት ውሃ በቦዩ ላይ ቀስ ብሎ ሲፈስ በመኪናው ሥር ወዲያው መውጣት ይኖርበታል። ካልወጣ ወይም ተጠራቅሞ ከቆየ መውጫው ተዘግቷል። በብዙ መኪኖች ፍለጋው እዚህ ላይ ያበቃል።

መውጫዎቹ ንጹሕ ሆነው ፍሳሹ ከቀጠለ የውሃ ሙከራ ይደረጋል። ሙከራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ከውጭ ውሃ ያፈሳል፤ ሌላው በሮቹ ተዘግተው ከውስጥ የእጅ ባትሪ ይዞ ይመለከታል። ውሃው ሁልጊዜ ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይሄዳል። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ወርዶ ሁሉንም ቦታ ስለሚያርስ የትኛው እንዳስገባ አይታወቅም። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ውሃው በላሜራው ውስጥ ተጉዞ እስኪታይ ጊዜ ይወስዳል። ግፊት ያለው የእጥበት ማሽን ለዚህ ሥራ አይመከርም። ግፊቱ ጤናማ ጎሚኒንም አልፎ ውሃ ስለሚያስገባ የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል። የቧንቧ ውሃ በሌለበት አካባቢ የችግኝ ማጠጫ ከዝናቡ ጋር ተመሳሳይ አወራረድ ስላለው ሥራውን በሚገባ ያከናውናል።

የበር ጎሚኒን ለመፈተሽ ቀላል መንገድ አለ። ቀጭን ወረቀት በበሩና በጎሚኒው መካከል ተደርጎ በሩ ይዘጋል፤ ከዚያም ወረቀቱ ይጎተታል። ያለ ምንም መያዝ ከወጣ በዚያ ቦታ ጎሚኒው አይጫንም። ይህ በበሩ ዙሪያ በየስንዝሩ ይደገማል። በጨለማ ጊዜ አንድ ሰው በጋቢናው ውስጥ ጠንካራ የእጅ ባትሪ ይዞ የጎሚኒውን ዙሪያ ሲያበራ ከውጭ የሚታይ ብርሃን ክፍተቱን ይጠቁማል።

ሌላው ዘዴ የሳሙና አረፋ ነው። መስታወቶችና በሮች ሁሉ ተዘግተው የጋቢናው አየር ማራገቢያ ከውጭ አየር በሚስብበት አቅጣጫ እስከ መጨረሻው ይከፈታል። ከውጭ በኩል በመስታወቱ ጠርዝና በጎሚኒዎቹ ላይ ሳሙና የተቀላቀለበት ውሃ ይቀባል። ከውስጥ የታመቀው አየር በክፍተቱ ሲወጣ አረፋ ይሠራል። ጎሚስታ የጎማ ቀዳዳ የሚፈልግበት ዓይነት ብልሃት ነው።

ጥገናው፦ የሚደረገውና የማይደረገው

የተዘጋ መውጫ የሚጸዳው በለስላሳ ነገር ነው። ለበር ቀዳዳ ቀጭን እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይበቃል። ለጣራ መስታወት ቱቦ ቀጭን የናይለን ክር ቀስ ብሎ ገብቶ ይወጣል። ሽቦ ቱቦውን ሊበሳው፣ ከፍተኛ ግፊት ያለው የኮምፕሬሰር አየርም ከመጋጠሚያው ሊያላቅቀው ይችላል። ከምሰሶው ውስጥ የተላቀቀ ቱቦ ከተዘጋ ቱቦ የባሰ ችግር ነው። የፊት መስታወቱ ግርጌ ሽፋን ተፈትቶ የበሰበሰው ቅጠል በእጅ ይወጣል፤ በውሃ እየገፉ ወደ መውጫው መስደድ ግን መልሶ መድፈን ነው።

የደረቀና የተጨፈለቀ የበር ጎሚኒ ይቀየራል። ጎሚኒው ጤናማ ሆኖ በሩ በሚገባ የማይጫን ከሆነ ችግሩ የበሩ አቀማመጥ ነው። በገጠር መንገድ ላይ በሚሠሩ መኪኖች የበሩ ማጠፊያ ይላላል። ይህን ባትላሜራ ማጠፊያውንና የመቆለፊያውን መያዣ በማስተካከል ይፈታዋል። የበሩ የውስጥ ፕላስቲክ በማይደርቅ ጥቁር ማጣበቂያ ዙሪያውን፣ በተለይ ታችኛውን ጠርዝ ሳይዘለል ይለጠፋል። የፖርቶመጋላ ብሎኖች ተፈትተው ዝገታቸው ተጠርጎ በአዲስ የጎማ ሮንዴላና በመኪና ማሸጊያ ይታሰራሉ።

ሲሊኮንን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለመስኮትና ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው፣ ሲደርቅ የኮምጣጤ ሽታ ያለው ሲሊኮን የሚያወጣው አሲድ ላሜራን ያዝጋል። ከዚህም በላይ ሲሊኮን የተቀባበት ቦታ ላይ በኋላ ትክክለኛው ማጣበቂያም ሆነ ቀለም አይይዝም። ስለዚህ በፊት መስታወት ጠርዝ ላይ ሲሊኮን መቀባት ነገ ለሚመጣው ባለሙያ ሥራውን ያከብድበታል። በዘመናዊ መኪኖች የፊት መስታወት የአካሉ ጥንካሬ አካል ነው። በግልበጣ ጊዜ ጣራውን ይደግፋል፤ የተሳፋሪው የአየር ከረጢት ሲከፈትም በብዙ መኪኖች መስታወቱ ላይ ይደገፋል። በሚገባ ያልተለጠፈ መስታወት ውሃ ማስገባቱ ከዚህ የከፋውን ጉድለት የሚያሳብቅ ምልክት ስለሆነ ተነቅሎ በትክክለኛው ማጣበቂያ እንደገና መለጠፍ አለበት።

የኤሲው ቱቦ ብዙውን ጊዜ ከመኪናው ሥር ሆኖ በለስላሳ ክር ይጸዳል። የማሞቂያው ራዲያተር ግን ዳሽቦርድ ማውረድ ሊጠይቅ ስለሚችል የባለሙያ ሥራ ነው። የተበላ ወለል ደግሞ ዝገቱ እስከ ጤናማው ላሜራ ድረስ ተቆርጦ በብየዳ መጠገን አለበት። በዝገት ላይ ስቱኮና ቀለም መለጠፍ ዝገቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያቆመውም።

ማድረቅ የጥገናው ግማሽ ነው

ፍሳሹ ቆመ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። የረጠበ ጨርቅና ስፖንጅ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ መያዝ ይጀምራል። በክረምት ደግሞ ይህ ጊዜ ፀሐይ የማይወጣበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የእግር ምንጣፉ ብቻ ሳይሆን ዋናው ምንጣፍ ተነስቶ በሥሩ እንጨት ወይም ጡብ ተደርጎ አየር እንዲገባበት ይደረጋል። ስፖንጁ ሊወጣ የሚችል ከሆነ ወጥቶ ተጨምቆ ይሰቀላል። መኪናው በጣራ ሥር ቆሞ መስታወቶቹ በትንሹ ቢከፈቱና ማራገቢያ ቢደረግለት ፀሐይ በሌለበትም ይደርቃል።

ምንጣፍ ለማንሳት መቀመጫ መፍታት ካስፈለገ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የአየር ከረጢት ባላቸው መኪኖች ከመቀመጫ ሥር ቢጫ መጋጠሚያ ይገኛል። ባትሪው ሳይፈታና ጥቂት ደቂቃ ሳይጠበቅ መነካት የለበትም፤ ሁሉም ወደ ቦታው ሳይመለስ መኪናው መነሳት የለበትም። ከጊዜ ወደ ጊዜ ቁጥራቸው እየጨመረ በመጣው የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ደግሞ የብርቱካን ቀለም ያላቸው ወፍራም ኬብሎች ከፍተኛ ኃይል ስለሚያስተላልፉ ከሠለጠነ ባለሙያ በስተቀር ማንም ሊነካቸው አይገባም። ወንዝ ወይም ጎርፍ ውስጥ ገብቶ ውሃ ከመቀመጫ በላይ የደረሰበት መኪና ምንም ዓይነት ቢሆን ለማስነሳት ሳይሞከር ወደ ጋራዥ መጎተት ይኖርበታል።

ጋቢናው እስኪደርቅ ድረስ መንዳት ግድ ከሆነ የመስታወቱን ጉም ለመቀነስ ማራገቢያው ከውጭ አየር እንዲስብ ይደረግና ኤሲና ማሞቂያ በአንድነት ይከፈታሉ። ኤሲው አየሩን ያደርቃል፣ ሙቀቱ ደግሞ መስታወቱን ያሞቃል። የውስጡን አየር ብቻ የሚያዘዋውረው ቁልፍ ከተከፈተ ግን እርጥበቱ እዚያው ስለሚመላለስ ጉሙ ይብሳል።

ያገለገለ መኪና ለሚገዛ

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ በአገር ውስጥ ያሉት የነዳጅ መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ለረጅም ጊዜ ማገልገላቸው ይጠበቃል። በበጋ የሚሸጥ መኪና የክረምት ጉድለቱን አያሳይም። ስለዚህ ገዢ ምንጣፉን አንስቶ ወለሉን መንካት፣ የመቀመጫ ብሎኖች ዝገት እንዳላቸው ማየት፣ የትርፍ ጎማውን ጉድጓድ መክፈት፣ በመቀመጫ ሀዲድ ውስጥ የደረቀ ደለል መኖር አለመኖሩን መመልከት ይገባዋል። መኪናው በሙሉ አሮጌ ሆኖ ምንጣፉ ብቻ አዲስ ከሆነ ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው። ከባድ የሽቶ ሽታም እንዲሁ የሚያጠራጥር ምልክት ነው።

ከክረምት በፊት የሚሠራ ሥራ

ገበሬ ፈሰስ የሚያወጣው ማሳው ውሃ ከተኛበት በኋላ ብቻ አይደለም። የመኪናም ዝግጅት በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይጠና መከናወን ይችላል። የፊት መስታወቱን ግርጌ ከቅጠል ማጽዳት፣ የበሮቹን ታችኛ ቀዳዳዎች መክፈት፣ ጎሚኒዎቹን በሳሙና ውሃ አጥቦ ማድረቅ፣ የፖርቶመጋላ ብሎኖችን ማጥበቅ፣ የኤሲው ቱቦ መንጠባጠቡን ማረጋገጥ ይበቃል። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ግማሽ ቀን ከጨርቅና ከአንድ ባልዲ ውሃ ጋር በቂ ነው። በሐምሌና በነሐሴ፣ በተለይ ዛፍ ሥር ለሚያድሩና ጭቃማ መንገድ ለሚመላለሱ ተሽከርካሪዎች ይኸው ፍተሻ በየሁለት ሳምንቱ ቢደገም ይመረጣል። መስከረም ላይ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ምንጣፉ ተነስቶ ወለሉ እንዲናፈስ ቢደረግ ክረምቱ ትቶት የሄደው እርጥበት ወደ ዝገት ሳይለወጥ ይወገዳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ፍሳሹ ከቀጠለ መኪናውን ወደ ጋራዥ መውሰድ የግድ ነው። ያን ጊዜም ባለቤቱ ለመካኒኩ የሚነግረው ነገር ሊኖረው ይገባል። ውሃው የታየው መቼ ነው? ዘንቦ ነበር ወይስ ኤሲ ተከፍቶ? መኪናው የቆመው ወደ ቁልቁለት ዞሮ ነበር ወይስ ወደ ዳገት? ከየትኛው ጥገና በኋላ ጀመረ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ይዞ የቀረበ ባለቤት መካኒኩን ዳሽቦርድ ከማውረድ፣ ራሱንም ለማያስፈልግ ሥራ ከመክፈል ሊያድን ይችላል።